ጥገና የበዛበት መረብ

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ የቅሬያችን ዳኛ አያ ባድሩ፣ ሸሆቻችን፣ ቄሶቻችን፣ የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች፣ ከአምባሰል በኩል ጭቃ እየረገጣችሁ የደረሳችሁ ዘመዶች፤ እባካችሁ ጸጥታ።

ከሁሉ በፊት አንድ ከባድ ማስታወቂያ አለ። በሶላተል ጀናዛው ሰዓት አንድ ቡናማ የግራ እግር ጫማ ጠፍቷል። ቀኙ አለ። ቀኙ መስጊዱ በር ላይ ብቻውን ቆሞ ይጠብቃል። የወሰደው ሰው በስህተት እንደወሰደው ቅሬው ያምናል። ሁለት የግራ ጫማ አድርጎ እስከዚህ መቃብር ድረስ የተራመደ ሰው ካለ፣ ሐዘኑ ምን ያህል እንደከበደው ተረድተንለታል። ባለቤቱ በካልሲ ቆሟል። ጉዳዩ በቸልታ አይታይም።

አሁን ወደ ቀላሉ ነገር እንሂድ። ሙነወር ሞቷል።

ቀላል ያልሁት እሱ ራሱ ስላቀለለው ነው። ትናንት ዙህር ሰገደ፣ ጋደም አለ፣ ሚስቱ ሰዓዳ ለዐስር ሶላት ስትቀሰቅሰው አልነቃም። በቃ። ማንንም አላስቸገረም። እኛ ነን አሁን እርስ በርሳችን የምንቸጋገረው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ዝናው ነኝ፤ የዚህ ቅሬ፣ ሌላ አገር ዕድር የሚሉት፣ ጸሐፊ፣ ከሙነወር ጋር በአንድ ታንኳ ያረጀሁ ሰው። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። በእሱ ረመዳን እኔ እቀዝፍለት ነበር፤ በእኔ ሁዳዴ ደግሞ እሱ ዓሣውን ፊቴ ቁጭ ብሎ እየበላ ያጽናናኝ ነበር። የመቃብር ንግግር ደንብ «እሳቸው» በል ይለኛል። አብሮኝ ውሃ ውስጥ የወደቀን ሰው እንዴት ብዬ? ዛሬ «እሱ» እለዋለሁ። ቅር ካለው ተነስቶ ይቆጣኝ።

አልተነሳም። እንቀጥል።

ሙነወር ጠጋኝ ነበር። የተቀደደ መረብ አይቶ ማለፍ አይችልም። የራሱን ጠግኖ ሲጨርስ የእኔን ይጠግናል። የእኔን ሲጨርስ በሰው አጥር ላይ የተሰጣውን ያየዋል፤ ባለቤቱን እንኳ ሳይጠይቅ መርፌውን ያወጣል። ሙነወር ጠጋኝ ነበር፤ ስለዚህ ስለ አንድ ጠዋት ልንገራችሁ።

ያን ጠዋት አስቡት። ሐይቁ ገና አልነቃም። ጭጋጉ ውሃው ላይ ደረቱን አስደግፎ ተኝቷል። የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ግንዳቸው ጠፍቶ ጫፋቸው ብቻ ይታያል፤ ከመሬት ተለያይተው ቀስ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። መቅዘፊያችን ድምፅ የለውም። እኔ ራሴ መኖሬን እርግጠኛ አልነበርሁም። መረቡን ሳብን። ከበደን።

«አልሐምዱሊላህ፣ ሙሉ ነው!» አለ ሙነወር።

ሳብን። አንድ ዓሣ የለም። ሰዎች፣ መረቡ ውሃ ይዞ ነው የወጣ! ጥገና በጥገና ላይ ተደርቦ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ተጭኖ፣ ቀዳዳው ጠፍቶ ውሃው እንደ ቆዳ ስልቻ ተቋጥሮ ተንጠለጠለ።

«ሙነወር፣ ይኼ መረብ ነው ወይስ ጋቢ?»

«ጠንክሯል» አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

«እንዴት አይጠነክር! ውሃ እንኳ አያልፍበትም!»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

ምን ጎደለው ልበል? ያን ጊዜ ሳቅሁበት። ሁለታችንም ሳቅን። ጭጋጉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ባዶ ታንኳ ላይ ሲስቁ የሰማ ገበሬ ካለ፣ ጅን መስሎት ሮጦ ይሆናል።

የዓይኑ ነገር መቼ ጀመረ? ማንም አያውቅም። እሱም አያውቅም። አያምም እኮ! ቢያምማ ይጮህ ነበር፤ ቢጮህ እንሰማው ነበር። ዝም ብሎ ዳር ዳሩ ነው የሄደው። መጀመሪያ ሸምበቆው ሄደ። ከዚያ ወፎቹ ከየት እንደሚመጡ ጠፋበት፤ ድንገት ፊቱ ላይ ይፈጠራሉ። ፀሐይ አናታችንን እየጠበሰችው «ዘንድሮ ጭጋጉ አይነሳም» ይለኛል። ሰው ከጎኑ ቀርቦ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሲለው ከሰማይ የወረደ ያህል ይደነግጣል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ መልአክ መስሎ መታየት ለማን ይገኛል? ደስ ብሎን ነበር።

ከመሀል ግን ያያል። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ያስገባል። ዓለም ከዳር ወደ መሀል እየተጠቀለለች ነበር፤ እሱ ግን መሀል ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

ሐኪም አልጎደለውም። ሐይቅ ሐኪም ጎድሏት አያውቅም። ባጃጅ ተራው ሐኪም ነው፣ ጸጉር ቤቱ ሐኪም ነው፣ ዓሣ የሚገዛው ሁሉ ሐኪም ነው። ሁሉም ዓይኑን አይተው በአንድ ድምፅ ወሰኑ። «ሞራ ነው። ይብሰል። ሲበስል ይገፈፋል።» ሙነወርም ታዛዥ ሰው ነውና ዓይኑን እንደ ማንጎ ሲያበስል ከረመ። ሞራ ቢሆንማ ይገፈፍ ነበር! ይኼኛው ግን የወሰደውን አይመልስም። እኛ ይበስላል ስንል በሽታው ዓይኑን ይበላ ነበር።

በመጨረሻ ሰዓዳ ተቆጣች። የሰዓዳን ቁጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ እጁን ይዤ ደሴ ወጣን፤ ዶክተር እድላዊት ከምትባል የዓይን ሐኪም ፊት ተቀመጥን። በብርሃን አየችው፣ ለካችው። ከዚያ «ግላኮማ ነው አባባ» አለችው።

«ሞራው አልበሰለም ማለት ነው?»

«ሞራ አይደለም። ዓይን ውስጥ ንጹሕ ውሃ አለ፤ እንባ አይደለም፣ ሌላ ነው። ሁልጊዜ ይመነጫል፣ ሁልጊዜም ይወጣል። የሚወጣው ጥግ ላይ ባለች ረቂቅ መረብ በኩል ነው።»

መረብ ስትል ሙነወር ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እንግዲህ በሙያው መጣችበት።

«መረቧ ተቀደደች?»

«አልተቀደደችም። ጠነከረች። ጠባሳ ያዛት።»

«ጠባሳማ የዳነ ቁስል ነው።»

«ልክ ነዎት። ሰውነት የደከመ ቦታ ሲያገኝ በጠባሳ ይጠግናል። ይቺ መረብ ግን ጥገና ሲበዛባት ትደድራለች፤ ቀዳዳዋ ይጠባል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ከኋላ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ይጎዳዋል። ነርቩ የሚያልፍበትም ቦታ እንደ ወንፊት ነው፤ እሱም አብሮ ይደድራል። ነገሩ በምን እንደሚጀምር ሁሉንም አናውቅም። ጠባሳው ግን ትልቅ እጅ አለበት።»

«ዶክተር» አላት በትሕትና፣ «ጥገና እንዴት በሽታ ይሆናል?»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ውሃ ያጠመደ መረብ ነው።

እስቲ ዞር በሉ፤ ሐይቃችን ከዚህ ይታያል። ወንዝ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። ግን ሐይቁ ሰማይ አለው፤ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ትጠጣለታለች። የሙነወር ዓይን ምን ሰማይ ነበረው?

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ሄድሁ። «ሕልም አየሁ» አለኝ። እንደነገረኝ ልንገራችሁ፤ አልጨመርሁም፤ ብጨምርም ትንሽ ነው።

በገዛ ዓይኑ ውስጥ በታንኳ ገባ። ውስጡ ሐይቅ ነው። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ታንኳዋ ትንሳፈፍ ትብረር አልለየም። ከበስተኋላ ምንጭ አለ፤ ድምፅ ሳያሰማ ይፈልቃል። ቀዘፈ። ዳር ሲደርስ የሐይቁ ዙሪያ በሙሉ በመረብ ተከቧል፤ ከሸረሪት ድር የቀጠነ መረብ፣ ውሃው እያብለጨለጨ ሾልኮ የሚሄድበት። ከመረቡ ሥር ሴቶች ተቀምጠዋል። የአምባሰልን ዜማ እያንጎራጎሩ ይጠግናሉ።

«እንዴት ዋላችሁ?» አላቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ አያ ሙነወር። አንተስ እንዴት ውለሃል?»

«ምን ትሠራላችሁ?»

«ቤትህን እንጠግናለን።»

«በአላህ ተዉት፤ ውሃው መውጫ አጣ።»

«ሳስቷል እኮ!»

«ይሳሳ!»

ከመካከላቸው አንዷ ቀና አለች። ቆንጆ ነበረች አለኝ። እንደሷ ያለ ሳቅ በሕይወቴ አላየሁም አለኝ፤ ይኼን ለሰዓዳ እንዳትነግሯት። «አያ ሙነወር፣ አንተ የሳሳ መረብ አይተህ ታልፋለህ?»

መቅዘፊያውን አስቀመጠ። ውሃው ከታንኳዋ ሥር ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ሰማዩ ቀረበ። ሴቶቹ ማንጎራጎራቸውን አላቆሙም፤ ጣታቸው እንደ ዝናብ ይወርዳል።

«ዝናው» አለኝ፣ «ክፉ ቢሆኑ እኮ እሰድባቸው ነበር። ክፉ አይደሉም።»

ዶክተር እድላዊት ቀዶ ሕክምና አደረገችለት። ከላይኛው የዓይን ክዳን ሥር ለውሃው አዲስ መውጫ ከፈተችለት። ከዚያ አስጠነቀቀችው። «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምናተርፈው። ትልቁ ትግላችን ይቺ ቀዳዳ እንዳትገጥም ነው። ሰውነትዎ ቁስል ናት ብሎ ሊደፍናት ይሮጣል። ይኼ ጠብታ ጠባሳውን ያዘገየዋል። ጠብታውን እንዳያቋርጡ፤ ከቀጠሮም እንዳይቀሩ። ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ካለዎትም ይታዩ፤ በዘር ይሄዳል።»

ይኼን ለማን ተናገረች? ለእነ ሙነወር ዘር!

የእነ ሙነወር ሥጋ እንዴት እንደሚገጥም የማያውቅ እዚህ አለ? አባታቸው እግሩን በመጥረቢያ መትቶ ለሚቀጥለው ገበያ ውጫሌ ታይቷል። ይኼ ታናሽ ወንድሙ ሀሚዱ በባጃጅ ተገልብጦ፣ ባጃጁ ጋራዥ ሳይደርስ የእሱ ቁስል ጠገገ። ሌላው ቤተሰብ በመሬቱ ይኮራል፣ በከብቱ ይኮራል። እነሱ በቁስላቸው ይኮራሉ። ለሠርግ ሽማግሌ ሲልኩ እንኳ «ሥጋችን ቶሎ ይገጥማል» ያስብላሉ።

ሙነወር ከደሴ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ሊጠይቅ ጎረፈ። እያንዳንዱ ጠያቂ ክዳኑን በጣቱ ገልጦ መረመረ።

«ማሻአላህ! ቅላቱ ጠፋ!»

«ገጥሟል እኮ!»

«ኧረ ቀዳዳው የታለ? ፈልጌ አጣሁት!»

ሀሚዱ በግ አረደ። ለምን? ለምስጋና። ስለ ምን? ቀዳዳው ስለ መግጠሙ! ለእኔ ሽሮ ተሠራልኝ። ዱዓ ተደረገ፣ መንዙማ ተባለ፣ ሁሉም መረቀ። ጠብታው መስኮት ላይ ተቀመጠ። ሰዓዳ «ጨምር እንጂ ሰውዬ» ስትለው፣ «ጠብታ የሚጨምረው የታመመ ነው፤ እኔ ድኛለሁ» ይላታል። ቀጠሮውስ? «የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ምን ሊል ነው?»

ሐዘንተኞች ሆይ፣ ሌላ አገር ሰው ቁስሉ አልድን እያለ ይጎዳል። የእኛ ሰው በመዳን ተጎዳ። እያጨበጨብንለት ተጎዳ።

ጭጋጉ ተመልሶ መጣ። እኛም ደሴ ተመለስን። ዶክተሯ አየችው፤ መብራቱን አጠፋች።

«ማን ዘጋው?»

«ማንም አልዘጋውም። ድኜ ነው።»

«አባባ» አለችው፣ ሳትቆጣ፣ «ያመመዎት እሱ ነው።»

ከዚያ የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ጭጋጉ ግን ቀድሟት ነበር። በመጨረሻ የቀረችው ዓለም በበር ስንጥቅ የምትታይ ያህል ነበረች። በስንጥቋ ሐይቁን በየቁራጩ ያየዋል፤ አንድ ቁራጭ ሰማያዊ፣ አንድ ቁራጭ ሸምበቆ፣ አንድ ወፍ ከእነ ጥላዋ። ሰዓዳንም በየተራ ነው የሚያያት።

«ዛሬ ሙሉሽን አላየሁሽም» ይላታል።

«ሙሉዬን አይተህ ምን ልታደርግ ነው?»

«ልመርቅሽ።»

«አርጅቻለሁ፤ ተመስገን በልና አፍንጫዬን እያየህ መርቅ።»

በዚያ ሰሞን ደግሞ አዲስ ሥራ ጀመረ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የድሮ መረቦቹን ይፈታል። ቋጠሮ በቋጠሮ፣ በጣቱ እየዳበሰ። «ምን እያደረግህ ነው?» ስለው፣ «ላስተነፍሰው ብዬ» ይለኛል። ቀና ሲል ፊቱ ሕልም ላይ ያለ ሰው ይመስላል።

ባለፈው ጁምዓ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እንዲህ አለኝ፤ «ዝናው፣ እነዚያን ሴቶች ደግሞ በሕልሜ አየኋቸው።»

«አሁንም ይጠግናሉ?»

«ይጠግናሉ። ታንኳው የእኔ ነው፤ ሐይቁ ግን የእኔ አይደለም። ‹የማነው?› አልኋቸው። ‹የሀሚዱ ነው› አሉኝ።»

ከዚያ እጄን ያዘ። አይይዝም ነበር እኮ፤ እጅ የሚይዝ ሰው አልነበረም። «ሳልሞት ደሴ ውሰደው» አለኝ። ሞት አልጠበቀኝም።

ሀሚዱ! የት ነህ? እባክህ ፊት ለፊቴ ቁም፤ ከጎን ከሆንሁ ላታየኝ ትችላለህ።

ዛሬ ጠዋት የሀሚዱ ባጃጅ የለቅሶውን ድንኳን ካስማ ገጨች። ሀሚዱ ወርዶ ምን አለ? «ካስማው ከየት መጣ?» ካስማ ከየት ይመጣል ወንድሜ? ካስማ አይሄድ፣ አይመጣ! አሁን ደግሞ አፈር ስንመልስ አንድ እግሩ ከመቃብሩ ጠርዝ ሸርተት አለ። ጎረቤቱ ዑበይዱላህ ኮቱን ባይይዘው ዛሬ ሁለት ወንድማማች አንድ ላይ ቀብረን ነበር። ማን ሳቀ? ማንም አልሳቀም። እኔም እየሳቅሁ አይደለም።

ምን አልህ ሀሚዱ? ጮክ በል። «ዓይኔ ደህና ነው፤ የመኪና ታርጋ ከሩቅ አነባለሁ» ይላል። ሁላችሁም ሰማችሁ። ሙነወርም መርፌ ውስጥ ክር ያስገባ ነበር! መሀሉ መጨረሻ ነው የሚሄደው።

ሌላስ? «ቢያመኝም እድናለሁ፤ ሥጋችን ይገጥማል።» በአላህ ስም! አፈሩ እንኳ ገና አልደረቀም!

ሌላስ? «ዝናው፣ ቅሬ የሞተ ይቀብራል እንጂ በቁም ያለን ሰው አያዝም።»

እዚህ ላይ ረታኝ። ጸሐፊ ነኝ፤ ደንቡን አውቀዋለሁ። ቅሬያችን በቁም ባለ ሰው ላይ ሥልጣን የለውም። ድንኳን ይተክላል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ለቅሶ የቀረውን ይቀጣል። ሰው ሊሞት ሲንከላወስ ግን ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ትዕግሥተኛ ማኅበር ነው። ሲያይ ሲያይ ይቆይና ሲወድቅ ቃሬዛ ይዞ ይደርሳል።

እንግዲህ ሀሚዱን ማዘዝ ካልቻልሁ አንተን ልሸኝህ፣ ሙነወር።

ሙነወር፣ ታንኳህ ተፈትታለች። ዛሬ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ዳሩም መሀሉም ይታያል። ስትሄድ ሴቶቹን ካገኘሃቸው ሰላም በልልኝ። ክፉ አይደሉም ብለሃል፤ አምኜሃለሁ። ግን ጣታቸውን ትንሽ ያሳርፉ። አንተም እረፍ። የሚጠገን ነገር ብታይም እለፈው። የሳሳውም ይሳሳ፣ ብርሃን ይግባበት። ሂድ ወንድሜ። በሰፊው እይ፤ ከግራ የሚመጣውን ወፍ፣ ከቀኝ የሚመጣውን ወፍ። ጀነቱን ከዳር እስከ ዳር ያሳይህ። ሰዓዳን እኛ እናያታለን፤ ሙሉዋን። ደህና ሁን።

አሚን በሉ።

አንዴ ቆዩ፤ አትበተኑ። የቅሬው ዳኛ አያ ባድሩ እጅጌዬን እየጎተቱኝ ነው። … እሺ። … እሺ፣ አያ ባድሩ። … እንደሱ ብዬ ልናገር? … እሺ።

እርማት።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የቅሬው ጸሐፊ «ቅሬያችን በቁም ባለ ሰው ላይ ሥልጣን የለውም» በማለት የተናገረው ስህተት ሆኖ ስለተገኘ፣ «አለው» ተብሎ እንዲታረም ዳኛው ወስነዋል። በዚህ መሠረት ሀሚዱ ከነልጆቹ ነገ ጠዋት ደሴ ለዓይን ምርመራ ይቀርባል፤ ለቅሶውን ቅሬው ይቀመጥለታል። የባጃጁ ቁልፍ ሀሚዱ ከደሴ እስኪመለስ ድረስ በዑበይዱላህ እጅ ይቆያል። ከዛሬ ጀምሮ ዓይኑን ሳይታይ የሚሞት አባል ካለ፣ ቀባሪውን ራሱ ይፈልግ።